ማዘዣው ላይ ጥያቄውን ጻፉልን

ለጤና ሚኒስቴር
ለክልልና ለከተማ ጤና ቢሮዎች
ራጅ፣ አልትራሳውንድ፣ ሲቲ ስካንና ኤምአርአይ ለምታዙ የሙያ ባልደረቦቼ በሙሉ

ጉዳዩ፦ ባዶ ሆነው ስለሚመጡ የምርመራ ማዘዣዎች

ይድረስ ለሁላችሁም፣

ራጅ አንሺ ነኝ። የምጽፈው ስለ አንድ ወረቀት ነው። ስለ ማሽን እጥረት ብዙ ተብሏል፤ ገናም ይባላል። የእኔ ልመና ግን ጨረታም ግዢም አይጠይቅም።

እጄ የሚገቡት ብዙዎቹ ማዘዣዎች እንዲህ ይላሉ፦ «ራጅ፣ ደረት»። «ሲቲ፣ ሆድ»። «አልትራሳውንድ»። አንዳንዱ ላይ የታካሚው ዕድሜ እንኳ የለም። ሕመሙ መቼ ጀመረ? ሐኪሙ ምን ጠረጠረ? ከዚህ በፊት ኦፕራሲዮን ተደርጓል? ዝም ነው። ቦታው ግን አለ። መስመር ተሰምሮለት ቅጹ ላይ ታትሟል። ሲጻፍበትም ብዙ ጊዜ «ሕመም» ነው የሚለው። ሕመም ባይኖረውማ ምን ሊሠራ እኛ ጋ ይመጣል?

ይህ የሚሆነው በስንፍና ብቻ አይደለም፤ አውቃለሁ። ተመላላሽ ክፍል ቁጭ ብሎ በር ላይ የተኮለኮለውን ሰልፍ እያየ የሚጽፍ ሐኪም እጁ ቢያጥር አይፈረድበትም። ከዚህ ጀርባ ግን አንድ የተሳሳተ እምነት ያለ ይመስለኛል። ማሽኑ ሁሉንም ያያል የሚል። «አንሱት፤ ካለ ይታያል» ይባላል። ካለም ላይታይ ይችላል። እያንዳንዱ ማሽን የሚለካው የተወሰነ ነገር ነው። ምን እንደምንፈልግ ካልነገራችሁን፣ ያ ነገር በማይታይበት መንገድ አንስተን ልንልክላችሁ እንችላለን።

ከራጅ ልጀምር። ቪልሄልም ሮንትገን እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1895 በጀርመኗ ቩርትስቡርግ ያገኘው ጨረር ሰውነትን ያልፋል፤ እኩል ግን አያልፍም። አጥንት ውስጥ ያለው ካልሲየም ብዙውን ስለሚያስቀረው አጥንት ነጭ ሆኖ ይወጣል። ሳንባን የሞላው አየር ብዙም ስለማያግደው ጥቁር ይሆናል። በመሀል ስብ አለ፤ ከዚያ ውሃና ሥጋ። ብረት ከሁሉም በላይ ይነጣል። ያለን ይኸው ነው፤ አምስት ደረጃ። ደም፣ መግል፣ ውሃና ጡንቻ በራጅ ላይ አንድ ዓይነት ግራጫ ናቸው። ሳንባ ዙሪያ የተቋጠረ ፈሳሽ ብናይ የልብ ድካም ያመጣው ይሁን፣ ቲቢ ይሁን፣ ወይስ ደም ይሁን ፊልሙ ብቻውን አይነግረንም። «ትናንት ከባጃጅ ወድቋል» የሚል ሦስት ቃል ግን ነገሩን ይለውጠዋል።

የሰውየው አቀማመጥም ሌላ ጉዳይ ነው። ባለፈው ክረምት ከሌላ ጤና ተቋም ሪፈር የተባለ ወጣት በቃሬዛ መጣ። ማዘዣው «ራጅ፣ ሆድ» ይላል። ወረቀቱን ብከተል አጋድሜ አንስቼ እሸኘው ነበር። አብረውት የመጡትን እናቱን ጠየቅኳቸው። «ታይፎይድ ነው ተብሎ መድኃኒት ከጀመረ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። ከማታ ጀምሮ ሆዱ ደረቀ፤ አላስነካም አለ» አሉኝ። ታይፎይድ ደግሞ አንጀት የሚበሳው ብዙ ጊዜ በሦስተኛው ሳምንት አካባቢ ነው። አንጀት ሲበሳ አየር ወደ ሆድ ዕቃ ይወጣል። አየር ወደ ላይ ነው የሚሄደው። ሰውየው ከተጋደመ አየሩ ከፊት በኩል ተሰራጭቶ ሊሰወር ይችላል። ቀና ካለ ግን ከጉበት በላይ፣ ደረትንና ሆድን ከሚለየው ጡንቻ ሥር ይሰበሰባል። ስለዚህ ቀና አድርገን፣ ደግፈን፣ አሥር ደቂቃ ያህል አቆየነውና ደረቱን አነሳነው። አዎ፣ ለሆድ በሽታ የደረት ራጅ። ቀጭኑ ጥቁር መስመር ቁልጭ ብሎ ወጣ። በዚያው ቀን ኦፕራሲዮን ገባ።

ወረቀቱ ላይ «ታይፎይድ፣ አንጀት ተበስቶ ይሆን?» የሚል ቢኖር ኖሮ ይህ ሁሉ ጥየቃ ባላስፈለገ። እናትየው አብረው ባይመጡስ?

ስለ ደረት ራጅ አንድ ነገር ጨምሬ ልለፍ። ቆሞ መተንፈስ የሚችል ታካሚ ደረቱን ፊልሙ ላይ አስጠግቶ፣ ጨረሩ ከጀርባው እንዲገባ ሆኖ ነው የሚነሳው። ልብ ወደ ፊት ስለምትቀርብ መጠኗ ብዙም ሳይዛባ ይወጣል። አልጋ ላይ ተኝቶ ከፊት ለፊት የተነሳ ሰው ልብ ግን ከእውነተኛ መጠኗ ገዝፋ ትታያለች። «የልብ ማበጥ አለ ወይ?» ብላችሁ ልትጠይቁ ከሆነ፣ ታካሚው መቆም ከቻለ ተልኮልን ይቁም። ከዎርድ ተንቀሳቃሽ ማሽን ጠርታችሁ በተኛበት ካስነሳችሁት ልብ «ትልቅ» ብትሆን አትገረሙ።

ሲቲ ስካን ላይ ነገሩ ይበልጥ ይከፋል። እዚያ ጥያቄ አለመጻፍ ዋጋው ትልቅ ነው።

ሲቲ ያው የራጅ ጨረር ነው። ቱቦው በታካሚው ዙሪያ እየዞረ ከየአቅጣጫው ይለካል። ኮምፒውተሩ ልኬቶቹን አገጣጥሞ ሰውነትን በስሱ እንደተቆራረጠ አድርጎ ያሳየናል። ለእያንዳንዱ ነጥብ ቁጥር ይሰጠዋል። ውሃ 0 ነው። አየር ከዜሮ በታች 1000 ነው። ስብ ከዜሮ በታች፣ አጥንት ደግሞ በመቶዎች ከዜሮ በላይ ነው። መለኪያው የሚጠራው በእንግሊዛዊው መሐንዲስ በጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ ስም ነው። ማሽኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ታካሚ ያነሳው እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1971 በለንደን ነው። ሃውንስፊልድ በ1979 ከደቡብ አፍሪካ ተወላጁ ከአለን ኮርማክ ጋር ኖቤል ተሸልሞበታል። ያቺ የመጀመሪያዋ ታካሚ ዝም ብላ አልተላከችም። ሐኪሞቿ በአንጎሏ የፊት ክፍል ዕጢ ጠርጥረው ነበር። የት እንደሚታይና ምን እንደሚፈለግ ታውቆ ነው የተነሳችው። ከ50 ዓመት በላይ አልፎ እኛ «ሲቲ፣ ሆድ» ላይ ነን።

«ሲቲ፣ ሆድ» የሚል ወረቀት ስቀበል የተለያዩ ምርመራዎች ፊቴ ይደረደራሉ። የምትፈልጉት የኩላሊት ጠጠር ከሆነ ኮንትራስት (ምስሉን የሚያደምቀውን መድኃኒት) አንሰጥም። ጠጠር በሲቲ ነጭ ነው። በደም ሥር የምንሰጠው ኮንትራስት አዮዲን ስላለው እሱም ነጭ ነው። በኩላሊት ተጣርቶ የሽንት ቱቦውን ሲሞላ ጠጠሩን ይውጠዋል። የጉበት ዕጢ ከሆነ ደግሞ ያለ ኮንትራስት ማንሳት ከንቱ ድካም ነው። ዕጢው ከቀረው ጉበት ጋር ተመሳስሎ ሊያልፍ ይችላል። አንድ ጊዜ ማንሳትም አይበቃም። በተለይ ከጉበት ሴሎች የሚነሳው ካንሰር ደሙን በዋናነት ከአርተሪ (ደም ከልብ ከሚያመጣው ቧንቧ) ነው የሚያገኘው። ስለዚህ ኮንትራስቱ ከገባ ከ30 እስከ 40 ሰከንድ ባለው ጊዜ ከጉበቱ ቀድሞ ይበራል። ከአንድ ደቂቃ በኋላ ስናነሳው ደግሞ ከጉበቱ ቀድሞ ይደበዝዛል። ምስሉን የሚያነበው ሐኪም፣ ራዲዮሎጂስቱ፣ የሚፈልገው ያንን መብራትና መደብዘዝ ነው። ትርፍ አንጀት ወይም የሆድ ውስጥ መግል ከሆነ ደግሞ ከአንድ ደቂቃ ትንሽ አለፍ ብሎ አንድ ጊዜ ማንሳት ብዙውን ጊዜ ይበቃል።

ደረትም ላይ እንዲሁ ነው። እግር ላይ የረጋ ደም ተነቅሎ ሄዶ የሳንባን የደም ቧንቧ ዘግቷል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ጻፉት። ኮንትራስቱ በዚያ ቧንቧ ውስጥ ደምቆ የሚታየው ለጥቂት ሰከንዶች ነው። ለተራ የደረት ሲቲ በምንጠቀምበት ሰዓት ካነሳነው ያ ቅጽበት ያልፋል። ሪፖርቱ ላይ «ለዚህ ጥያቄ በቂ ያልሆነ ምርመራ» ተብሎ ይጻፋል። ታካሚው ግን ከፍሏል። ኮንትራስቱም ኩላሊቱ ውስጥ ነው። እዚህ ላይ የክሬቲኒን (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው የደም ምርመራ) ውጤትና የአለርጂ ታሪክም ይጻፍልኝ። ስኳርና ደም ግፊት ያለባቸው ሰዎች ኩላሊታቸው ተጎድቶ እንደሆነ እኔ በዓይኔ አይቼ ልለይ አልችልም።

ስትሮክ ስትሉ ደግሞ ሰዓቱን ጨምሩ። «መቼ ነው ጤነኛ ሆኖ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው?» የሚለውን። አንጎል ውስጥ የፈሰሰ ደም በሲቲ ወዲያው ነጭ ሆኖ ይታያል። ቧንቧው ተዘግቶ የመጣ ስትሮክ ግን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሲቲው ጤነኛ ሊመስል ይችላል። ያ «ጤነኛ» የሚመስል ፊልም ራሱ ትልቅ ዜና ነው። ደም አልፈሰሰም ማለት ነው። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት ባለበት ቦታ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሕመሙ ከጀመረ በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ መሰጠት አለበት። ማዘዣው ላይ «ራስ ምታት» ተብሎ የመጣ ስትሮክ ግን ከራስ ምታቶቹ ጋር ሰልፍ ይይዛል።

ጨረሩንም እናስብ። አንድ የደረት ራጅ 0.1 ሚሊሲቨርት (የጨረር መጠን መለኪያ) ቢሆን ነው፤ ብዙ ጊዜ ከዚያም በታች ነው። የሆድ ሲቲ 10 ሚሊሲቨርት ገደማ ይደርሳል። ሰው በዚህች ምድር ላይ በመኖሩ ብቻ ከአፈሩ፣ ከአየሩና ከሰማዩ በዓመት በአማካይ 2.4 ያህል ያገኛል። ስለዚህ አንድ የሆድ ሲቲ ማለት የአራት ዓመት ገደማ ድርሻ በአንድ ቀን መውሰድ ነው። ሲቲ የሚያስፈልገው ሰው ይነሳ፤ ጥቅሙ ከዚህ በብዙ ይበልጣል። በተሳሳተ መንገድ ተነስቶ በሳምንቱ ተመልሶ ሲመጣ ነው እኔን የሚያበሳጨኝ። ሕፃን ሲሆን ደግሞ የባሰ ነው፤ የሕፃናት ሰውነት ለጨረር ይበልጥ ስስ ነው። ለሴቶች የመጨረሻው የወር አበባ ቀን ይጻፍ። ሰው በተሞላ ኮሪደር ላይ ጮክ ብዬ እንድጠይቃት አታድርጉኝ።

አልትራሳውንድ ጨረር የለውም። ጆሯችን የማይሰማው ድምፅ ነው። ማሽኑ ድምፁን ልኮ፣ ገደል ማሚቶው እስኪመለስ የፈጀውን ጊዜ እየለካ ምስል ይሠራል። አየርና አጥንት ያስቆሙታል፤ ያ ቀዝቃዛ ጄል የሚቀባውም በቆዳውና በመሣሪያው መካከል አየር እንዳይኖር ነው። ስለዚህ ዝግጅት ይፈልጋል። የሐሞት ከረጢት የሚታየው ባዶ ሆድ ነው። ከምግብ በኋላ ተኮማትሮ ይጠብቀናል። መሣሪያው ሆድ ላይ ተደርጎ ማህፀን ሲታይ ደግሞ ፊኛው መሙላት አለበት። «አልትራሳውንድ» ብቻ የሚል ወረቀት የያዘች ሴት ከገጠር ተነስታ፣ ቁርሷን በልታ፣ መጸዳጃ ቤት ደርሳ ትመጣለች። ነገ ተመለሽ ማለት ለእኔ ቀላል ነው። ለእሷ ማደሪያ ነው፤ ትራንስፖርት ነው።

«የሆድ ቁርጠት» ከሚለው ጎን «የወር አበባዋ ቀርቷል፣ የእርግዝና ምርመራዋ ፖዘቲቭ ነው» የሚል ቢጻፍ ደግሞ ወረፋ አይጠብቅም። ከማህፀን ውጭ እርግዝና ይሆናላ። ሌላ ዓረፍተ ነገር አያስፈልገኝም፤ ቀጥታ አልጋው ላይ ናት።

ኤምአርአይ ላይ ሁለት ነገር ብቻ። አንደኛው የደኅንነት ነው። ማሽኑ በሰውነታችን ውሃና ስብ ውስጥ ያለውን ሃይድሮጅን በማግኔትና በሬዲዮ ሞገድ ነው የሚያናግረው። ብዙዎቹ 1.5 ቴስላ ናቸው። ከምድራችን ማግኔት ከ30,000 እጥፍ በላይ ማለት ነው። ማግኔቱም ማታ ማታ አይጠፋም። ልቡ ላይ ፔስሜከር (የልብ ምት የሚያስተካክል መሣሪያ) ያለው፣ አንጎሉ ውስጥ ክሊፕ የተቀመጠለት፣ ብረታ ብረት ሲበይድ ኖሮ ዓይኑ ውስጥ ብናኝ የገባበት ሰው ካለ ማዘዣው ላይ ይጻፍ። እኛም እንጠይቃለን። ራሱን ስቶ የመጣ ታካሚ ግን ማን ይመልስልናል?

ሁለተኛው የወገብ ሕመም ነው። ይህ ለሐኪሞችም ለታካሚዎችም ነው። «ኤምአርአይ ይታዘዝልኝ» ብሎ የሚጨቀጭቅ ታካሚ እንዳለ አውቃለሁ። ምንም ሕመም የሌላቸው ሰዎች ሲነሱ ግን ዲስካቸው (በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ) ያረጀ ሆኖ የሚገኙት በጣም ብዙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የብዙ ጥናቶች ቅንብር በ20 ዓመት ወጣቶች ላይ 37 በመቶ፣ በ80 ዓመት አዛውንት ላይ 96 በመቶ አግኝቷል። ሕመም የሌላቸው ናቸው፤ ልብ በሉ። እግሩ የዛለ፣ ሽንቱን መቆጣጠር ያቃተው፣ ትኩሳት ያለው፣ ካንሰር የታከመ፣ ክብደቱ ሳያስበው የቀነሰ ሰው ካለ ቶሎ ይላክ፤ ምክንያቱም ይጻፍ። ከትናንት ወዲያ ጤፍ ኩንታል አንስቶ ወገቡን የያዘው ወጣት ግን ብዙውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይድናል። ፊልሙ ላይ «ዲስክ» የሚል ቃል አይቶ ዕድሜውን ሙሉ ሕመምተኛ ነኝ እያለ ከሚኖር ባይነሳ ይሻለዋል። ለብዙ ቤተሰብ የኤምአርአይ ዋጋ ቀላል ገንዘብ አይደለም።

አሁን ደግሞ ስለ አሮጌ ፊልም። ቲቢ በብዛት ባለበት አገር ሳንባ ላይ የቆየ ጠባሳ ማየት የዕለት ሥራችን ነው። ያ ጠባሳ የድሮ ነው ወይስ አዲስ የተነሳ በሽታ? አንዳንዴ መልሱን የሚሰጠው የዛሬ ሁለት ዓመት የተነሳው ፊልም ብቻ ነው። ሳንባ ላይ ያለች ትንሽ ጠጣር ክብ ነገር ለሁለት ዓመት መጠኗ ካልተለወጠ ካንሰር የመሆን ዕድሏ እጅግ ዝቅ ይላል። አሮጌው ፊልም ከሌለ ግን ሲቲ፣ ከዚያ ሌላ ሲቲ፣ ከዚያ ናሙና የሚወስድ መርፌ ይከተላል። ታካሚዎች ፊልማቸውን በፌስታል አድርገው ከፍራሽ ሥር ያስቀምጣሉ፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ሲላኩ ግን «ያንን ይዛችሁ ሂዱ» የሚላቸው የለም። በሠራሁባቸው ቦታዎች አሮጌ ፊልም ይዞ የሚመጣ ሰው ብዙውን ጊዜ ራሱ አስቦበት ነው።

አንድ ራዲዮሎጂስት ወዳጄ በዚህ ጉዳይ ይከራከረኛል። «ሐኪሙ የጠረጠረውን ካነበብኩ ዓይኔ እዚያ ላይ ይተከላል፤ ሌላውን እዘላለሁ» ይላል። እውነት አለው። የተጠረጠረው ሲገኝ ፍለጋ ማቆም በሙያችን የታወቀ ችግር ነው። እሱ ራሱ የሚያደርገውን ልንገራችሁ፦ መጀመሪያ ወረቀቱን ሳያይ ምስሉን ያነባል፤ ከዚያ ጥያቄውን አንብቦ እንደገና ይመለከታል። ለዚህም ቢሆን እኮ የተጻፈ ጥያቄ ያስፈልጋል። ደግሞም ክርክሩ የእሱ ነው፤ እኔ ከማንሳቴ በፊት ማወቅ ያለብኝን አያስቀረውም።

ሌሎች ደግሞ ነገ ሁሉንም ኮምፒውተር ያነበዋል ይሉኛል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ዕድሜያቸው 15 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎችን ለቲቢ ለመለየት የደረት ራጅን በሶፍትዌር ማስነበብን ደግፏል። ራዲዮሎጂስት በሌለበት ወረዳ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ እኔም እደግፈዋለሁ። ነገር ግን ከዚህ በፊት ቲቢ ታክሞ የዳነ ሰው ላይ እነዚህ ሶፍትዌሮች ይበልጥ ይሳሳታሉ። ጠባሳውን በሽታ ይሉታል። ታሪኩን የሚነግራቸው ያስፈልጋል። ያው ወደ ወረቀቱ ተመለስን።

ሚኒስቴሩን የምጠይቀው ይህንን ነው። ማዘዣው ላይ «ምን ጠርጥረዋል?» እና «ከመቼ ጀምሮ?» የሚሉት ሁለት ቦታዎች ሳይሞሉ ምርመራው እንዳይመዘገብ ይደረግ። ኮምፒውተር ባለበት በኮምፒውተር፣ በሌለበት በካርድ ክፍል። ድንገተኛ ታካሚ ከዚህ ውጭ ይሁን፤ ለእሱ ስልክ ይበቃል። ባዶ ማዘዣ የሚመልስ ራጅ አንሺ ደግሞ «ሥራ አስቸገረ» ተብሎ እንዳይገሠጽ መመሪያው በግልጽ ይናገር። አሁን ወረቀት የሚመልስ ሰው ይሰደባል። እኔ ተሰድቤያለሁ። ታካሚው ምስሉንና ሪፖርቱን ይዞ የመሄድ መብቱም ይጻፍ፤ ሪፈር ሲደረግ አሮጌው ፊልም አብሮት መሄዱ ይረጋገጥ።

ባልደረቦቼ፣ ከእናንተ የምፈልገው አንድ መስመር ነው። በአማርኛም በእንግሊዝኛም፣ በምሕጻረ ቃልም ይሁን። እንዲነበብ ብቻ ሆኖ ይጻፍ። እጃችሁ ካልደረሰ ደውሉልን። ብትሳሳቱም ማንም አይስቅባችሁም። የጠረጠራችሁት ሳይሆን ቀርቶ ሌላ ከተገኘ የምርመራ ትርጉሙ ያ ነው።

ቅጹን ለማሻሻል ኮሚቴ የሚቋቋም ከሆነ ደግሞ ማዘዣውን በመስኮት የሚቀበል አንድ ሰው እዚያ ይቀመጥ። እኔም ብጠራ እመጣለሁ። ስብሰባው ከሰዓት በኋላ ቢሆን ይመረጣል፤ ጠዋት ሰልፍ አለብን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ራጅ አንሺ